ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም

ጥር 12 ቀን

ኅዳር 3 ቀን፦ ለፊልሙ ቀረጻ ስድስት ጠመንጃዎችን ከአከራዩ ድርጅት ቆጥሬ ተረከብሁ። እውነተኛ ጠመንጃዎች ናቸው፤ ነገር ግን ባዶ ጥይት ብቻ፣ ማለትም ባሩድ ኖሮት እርሳስ የሌለውን ጥይት ብቻ፣ እንዲተኩሱ ተደርገዋል።

ኅዳር 9 ቀን፦ ጠመንጃዎቹን የሩቅ ዘመን መሣሪያ የሚያስመስለውን ሽፋን ንድፍ ለእርስዎ ላክሁ። በርሜሉ በብየዳ የተደፈነ ሰባተኛ ጠመንጃም ለምሳሌነት አብሬ ላክሁ።

ኅዳር 18 ቀን፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፋይበር ግላስ ናሙናዎች ከእርስዎ ደረሱ። ቀላል ነበሩ።

ኅዳር 21 ቀን፦ እርስዎ የሚሠሯቸውን የአሥራ ስምንቱን የማይተኩሱ የጠመንጃ አምሳያዎች ክብደት በደብዳቤ ወሰንሁ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ይህም ሽፋን የለበሰው እውነተኛ ጠመንጃ የሚመዝነው ነው።

ታኅሣሥ 14 ቀን፦ አሥራ ስምንቱ አምሳያዎች፣ ስድስቱ ሽፋኖችና ሰባተኛው ጠመንጃ በአምስት ሣጥን ደረሱ። የተሰበረ አልነበረም።

ታኅሣሥ 15 ቀን፦ ሁሉንም መዘንሁ። ከሁሉም ቀላል በሆነውና ከሁሉም ከባድ በሆነው መካከል ያለው ልዩነት ሃያ ግራም ነው።

ታኅሣሥ 20 ቀን፦ ቀረጻው ተጀመረ።

ጥር 8 ቀን፦ ቀረጻው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተቋረጠ።

ውድ አጎቴ፤

ሰላምታዬን ከዝርዝሩ በታች ማስቀመጤን ይቅር ይበሉኝ። በመጨረሻው ደብዳቤዎ የጠየቁኝ ቀናቱን ስለሆነ ቀናቱን አስቀደምሁ። ለመሆኑ እንዴት ሰንብተዋል? የአክስቴስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ደኅና ነኝ፤ በዚህ ቃል ውስጥ የደበቅሁት ሕመም የለም።

ዕቃ የሚያመላልሰው ሾፌር ስለ ቀረጻው መቋረጥ የነገረዎት እውነት ነው። ምክንያቱን ግን እርሱ አያውቅም፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ አልጽፈውም። የከለከለኝ ኖሮ አይደለም፤ ሁለት ነገሮችን ሳላጣራ መጻፍ አልወድም። ማንም አልተጎዳም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሜ ልጻፈው፦ ማንም አልተጎዳም።

ስለ ሥራ ቦታዬ ለጠየቁኝ፤ የምንሠራው ቀድሞ የክር ፋብሪካ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዳራሹ አሁን ውኃው ያለቀበት የሌላ ዓለም ሰፈር ሆኗል። ግድግዳው ኮምፔንሳቶ ነው፤ በላዩ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎ ብርማ ቀለም ተቀብቷል። በካሜራ ሲታይ እኔ ራሴ ብረት ነው ብዬ እምላለሁ። በፊልሙ ውስጥ የመጨረሻውን የውኃ ታንከር የሚጠብቁ ሃያ አራት ዘቦች አሉ። ከርቀት የሚተኩሱት ስድስቱ እውነተኛውን መሣሪያ ይይዛሉ፤ የሚሮጡት፣ የሚወድቁትና የሚተናነቁት የእርስዎን አምሳያ ይይዛሉ። የዘቦቹን አለቃ የምትጫወተውን ተዋናይት ሁላችንም ካፒቴኗ እንላታለን፤ ከቀረጻ ውጭም መጠሪያዋ ይኸው ሆኗል።

በመሣሪያ ክፍሉ ያለነው ሁለት ሰዎች ነን፤ ኃላፊዋ እኔና ጡረታ የወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጠመንጃ ሲያነሡ ከዓይናቸው ይልቅ እጃቸውን ያምናሉ። የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች የመጡ ዕለት ዓይናቸውን ጨፍነው እውነተኛውን ከናሙናው ሦስት ጊዜ ሲለዩ ካፒቴኗ አጨብጭባላቸዋለች። «እመት ቁልፍ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንገቴ አላወልቅም።

ሦስት ጥያቄዎችን በተለየ ወረቀት ጽፌ አያይዤአለሁ። መልሱን በቁጥር ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣
የወንድምዎ ልጅ


ጥር 17 ቀን

ለእመት ቁልፍ፤

ስሙን ወድጄዋለሁ፤ ሃምሳ አለቃውን እጅ ንሺልኝ። እኛ ደኅና ነን። የአክስትሽ ጉልበት ደረጃ ሲወጣ ይቆጣል፣ ሲወርድ ያኮርፋል፤ ሜዳ ላይ ግን ሴትዮዋ ከእኔ ትፈጥናለች። ሱቁም ደኅና ነው። የሰፈሩ ሰው ዛሬም «የዝምተኞች ቤት» እያለው ያልፋል። በዚህ ወር ለአንድ የሙሽራ ልብስ መሸጫ አሥራ አንድ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ሠራን። የአንዷ አፍንጫ ተጣሞ ወጣና ልሰብራት ስል አክስትሽ «ተዋት፣ ይቺ ብቻ ናት ሰው የምትመስለው» አለችኝ። አሁን በር ላይ ቆማ ደንበኛ ትቀበላለች።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩላት። ዝርዝሩን ሰምታ ስትጨርስ ምን አለች መሰለሽ? «ይቺ ልጅ ፈርታለች። ስትፈራ ትቆጥራለች። በሰባት ዓመቷ ውሻ ያባረራት ጊዜ እንኳ ማልቀሱን ትታ ስንት እርምጃ እንደሮጠች ነው የነገረችን።» የእኔ ልብ ደግሞ የደነገጠው «ማንም አልተጎዳም»ን ሁለት ጊዜ ስትጽፊው ነው። አንድ ጊዜ ብትዪኝ አምንሽ ነበር።

በቁጥር ልመልስ። አንደኛ፦ በእያንዳንዱ አምሳያ ውስጥ የጨመርኩት እርሳስ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ነው፤ የሚበዛው በሰደፉ ውስጥ፣ የቀረው ከበርሜሉ ሥር። ሚዛኑን ከወርቅ ሠሪው ነው የተዋስኩት፤ ስለ ቁጥሩ አትጠራጠሪ። ሦስተኛ፦ አዎን፣ አምሳያው ሳይሰበር እርሳሱ ሊወጣ ይችላል። በሰደፉ ግርጌ ያለችውን ክብ ክዳን ዙሪያዋን በስለት ብትፍቂያት ትነሣለች፤ ከበርሜሉ ሥር ያለውም በዚያው ይወጣል። ለምን ማውጣት እንደፈለግሽ አልጠየቅኩም። አየሽ ጨዋነቴን?

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ዘልዬዋለሁ። ዓይኔ ደክሞት ነው በዪ።

እኔ እኮ ዕድሜዬን ሁሉ እጃቸው ምንም የማይጨብጥ ሰዎች ስሠራ ነው የኖርኩት። አንቺ ሰው የሚጨብጠው ነገር ስታዢኝ እንደ ልጅ ነው የፈነደቅኩት። ስለዚህ የተበላሸ ነገር ካለ ንገሪኝ፤ አበጀዋለሁ። ያልተበላሸውን ግን እንደ ተበላሸ አድርገሽ ብቻሽን አትሸከሚው።

አክስትሽ «ትብላ፣ ትተኛ፣ ከዚያ ትጻፍ» ብላለች። በቅደም ተከተል ነው፤ ደስ እንዲልሽ።

አጎትሽ


ጥር 22 ቀን

ውድ አጎቴ፤

የአክስቴ ፍርድ ትክክል ነው። የሮጥሁትም አርባ ሁለት እርምጃ ነበር።

የሆነውን አሁን እጽፋለሁ። ጥር 8 ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ትዕይንቶች ነበሩን። በመጀመሪያው ካፒቴኗ አፈሙዙን በከዳው ዘብ ደረት ላይ አስደግፋ ቃታውን ትስባለች፤ በታሪኩ መሣሪያው ይከሽፋል፣ ሰውየውም ይተርፋል። ይህ ትዕይንት በአምሳያ ብቻ የሚቀረጽ ነው። ባዶ ጥይት እርሳስ ባይኖረውም፣ አፈሙዙ ደረት ላይ ከተደገፈ የሚወጣው የጋለ ጋዝ ብቻውን ሰው ይገድላል። በሁለተኛው ትዕይንት ስድስት ዘቦች ከርቀት ይተኩሳሉ። ስለዚህ ስድስቱን እውነተኞች አስቀድሜ አጉርሼ በግራው መደርደሪያ አስቀምጬአቸው ነበር። ያጎረስሁት እኔ ነኝ።

አምሳያዎቹ በቀኙ መደርደሪያ ነበሩ። ቀድሞ በእውነተኞቹ ላይ ቀይ ክር አስረን ነበር፤ በካሜራ ይታያል ስለተባለ ታኅሣሥ 28 ቀን ተፈታ። እንዲፈታ የፈቀድሁት እኔ ነኝ። ጥር 8 ቀን ደግሞ መብራት ለማሳለፍ ሠራተኞች ሁለቱን መደርደሪያዎች አንሥተው ሲመልሱ አቀያየሯቸው። ሃምሳ አለቃው ከቀኝ በኩል አንዱን አነሡ፤ እንደ ልማዳቸው በመዳፋቸው መዘኑት፤ እጃቸውም ምንም አልነገራቸውም። ሊነግራቸው አይችልም ነበር። እርሳስ የተሞሉት አምሳያዎች ከመጡ ወዲህ ክብደቱ እኩል መሆኑን በቁጥር አስፍሬ ፋይል ውስጥ አኖርሁት እንጂ ለእሳቸው አልነገርኋቸውም። ለሦስት ሳምንት እጃቸው የተሳካለት መስሏቸው ነበር። የተሳካለት ግን መደርደሪያው ነው።

መሣሪያ በተዋናይ እጅ ከመግባቱ በፊት ማቀባበያውን ስቤ ለተዋናዩ ማሳየት ግዴታዬ ነው። በአምሳያ ላይ ማቀባበያው የተለጠፈ ስለሆነ አይነቃነቅም፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ደንቡን እንደ ቀልድ ያዩታል። ካፒቴኗ «እመት ቁልፍ፣ ዛሬም የአሻንጉሊቱን ሆድ ልታዪ ነው?» አለችኝ። ሳብሁት። ተሳበ። አንድ ጥይት ወለሉ ላይ ወደቀ። ስንት ጊዜ እንደተንከባለለ አልቆጠርሁም።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝ። «አንቺማ ነሽ ያዳንሽን፤ አንቺን የሚነካሽ የለም። እስከ ጥር 30 ሪፖርት አምጪልኝ። አንድ ስም በቂ ነው» አሉኝ። የትኛው ስም እንደሆነ አልተናገሩም፤ መናገርም አላስፈለጋቸውም። ሃምሳ አለቃው ከሥራ ታግደዋል። ሪፖርቱ በእሳቸው ስም ብቻ ከቀረበ ይሰናበታሉ፤ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚህ ምክንያት ከተሰናበቱ፣ ከእንግዲህ የመሣሪያ መጋዘን አምኖ የሚሰጣቸው አይኖርም። እሳቸው ግን በየቀኑ በሰዓታቸው ይመጣሉ። ከግቢው በር ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዓይናቸው ይቆጥራሉ።

«ቀላሎቹን ናሙናዎች ለምን ተውሽ?» ብለው በኅዳር ጠይቀውኝ በአጭሩ አልፌዎት ነበር። ተዋናዮቹ እየወዘወዙ ሲሮጡባቸው ዳይሬክተሩ «ይህ ጠመንጃ ነው ወይስ ጃንጥላ?» ብሎ ስለሳቀብኝ ነው። አምስት ዓመት ምህንድስና፣ ማለትም መለካት፣ ተምሬያለሁ። ለሳቁ መልስ የሚሆን ቁጥር ፈለግሁ፤ አገኘሁም። ሃምሳ አለቃው ዕቃን የሚለዩበት አንድ መንገድ ነበራቸው፤ እርሱን አንድ በአንድ፣ በግራም ለክቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ ይህን አይቀበሉም። «ሠላሳ ዓመት የወታደር እጅ እንዴት አይለይም?» ይላሉ። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄዬን እደግመዋለሁ፦ ከሱቅዎ ሳይወጡ በፊት እውነተኛውን ከአምሳያዎቹ በእጁ የለየ ሰው ነበርን?

ይህን ሁሉ ቀድሜ ያልነገርሁዎት ሥራዎ ያለ እንከን ስለሆነ ነው። ጥፋቱ ያለ እንከን መሆኑ እንደሆነ በምን ቃል እንደምነግርዎት አላወቅሁም ነበር። እውነቱን ከጻፍሁ ለሚቀጥለው ፊልም ቃል የተገባልዎት የአሥራ ሁለት አምሳያ ትእዛዝ ሊቀር ይችላል፤ የእኔም ቦታ እንዲሁ። አሁን የምነግርዎት ሳይጠየቁ እንዳይወሰንብዎት ብዬ ነው።

አክባሪዎ


ጥር 26 ቀን

ልጄ፤

ዓይኔ አልደከመውም።

ታኅሣሥ 9 ቀን ነው (አየሽ፣ እኔም ቀን መጻፍ አያቅተኝም)። አሥራ ስምንቱን ጨርሼ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ለምሳሌ የላክሽውንም ሰባተኛ ሽፋን አልብሼ፣ ላወዳድር ብዬ፣ ከመካከላቸው አጋደምኩት። ደንበኛ ተጣራ፤ ሄጄ አንድ ጥንድ የአሻንጉሊት እግር አስረክቤ ተመለስኩ። የአንቺን አጣሁት። አሥራ ዘጠኝ ናቸው፣ ሁሉም ተጋድመዋል፣ የትኛው ነው? አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ አንኳኳሁ፣ አሸተትኩ ብልሽ አትሳቂ። በገዛ እጄ የሠራሁትን በገዛ እጄ መለየት አቃተኝ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ምሳ ድረስ ስደናበር ቆየሁ። በመጨረሻ አክስትሽ የወደቀ መርፌ የምትለቅምበትን ማግኔት ይዛ መጣችና በሁሉም ላይ አሳለፈችው። እርሳሱን ንቆት አለፈ፤ አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን ጥርቅ ብሎ ተለጠፈ።

ያን ጊዜ መፍራት ነበረብኝ። እኔ ግን ኮራሁ። ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ጠርቼ «ለይ እስቲ» አልኩት። ሁለት ጊዜ ተሳሳተና «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እኔንም ሠርተህ ሱቄ ውስጥ ታስቀምጠኛለህ፤ ሚስቴም አትለየኝም» ብሎ ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ለሰው ሁሉ ሳወራ ነበር። ለአንቺ ብቻ አልጻፍኩም። ብጽፍልሽ «እንግዲያውስ ሁለት መቶ ግራም ይቀንሱልኝ» ትዪኛለሽ ብዬ ሰጋሁ። ያማረ ሥራዬን ማን ይንካብኝ?

ሌላም ልንገርሽ። በኅዳር ቀላሎቹን ለምን እንደተውሽ ጠይቄሽ በአጭሩ ያለፍሽኝ ጊዜ «ከእውነተኛው እኩል ማድረጉስ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ደግሜ ልጠይቅሽ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ከዚያ «የተማረችው እሷ ናት» ብዬ ወረቀቱን መለስኩት። ለካ አንቺም «ዕቃውን የሚያውቀው እሱ ነው» ብለሽ ኖሯል ዝም ያልሽው። ሁለት አዋቂዎች ተከባብረን ሰው ልንገድል ነበር።

ያየሁትን ሁሉ በተለየ ወረቀት ጽፌ ፈርሜያለሁ፤ ፀጉር አስተካካዩም ፈርሟል፤ ሾፌሩ በእጅሽ ያደርስልሻል። መጀመሪያ «ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው» ብዬ ነበር የጀመርኩት። አክስትሽ በትከሻዬ በኩል አይታ «የሁሉም ጥፋት ሹም ማን አደረገህ? የራስህን ብቻ ጻፍ» አለችኝ። ቀደድኩት፤ የራሴን ብቻ ጻፍኩ። እውነቷን ነው፤ አጥሮ አረፈው።

በፖስታው ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል ለጠየቅሽኝ፦ አልተቀየምኩሽም። እንዲያውም ከነገርሽኝ በኋላ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። የአሥራ ሁለቱም ትእዛዝ ከቀረ ይቅር፤ ሙሽሮች እንደሆነ አያልቁም።

አጎትሽ


የካቲት 3 ቀን

ውድ አጎቴ፤

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚደርስዎት ሣጥን ከባድ ስለሆነ አክስቴ እንዳታነሣው። በውስጡ ሃያ ሰባት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም እርሳስ አለ። የእርስዎ ነው። ከአሥራ ሰባቱ አምሳያዎች በነገሩኝ መንገድ አወጣሁት፤ ክዳኖቹ በሙሉ ሳይሰበሩ ተነሥተዋል። አሥራ ስምንተኛውን ለማስረጃ እንዳለ አቆይቼዋለሁ።

ሪፖርቱን ጥር 30 ቀን አቀረብሁ። ሦስት ስሞች አሉበት፤ በቅደም ተከተል የእኔ፣ የእርስዎ፣ የሃምሳ አለቃው። የፈረሙት ቃል አባሪ አንድ ሆኗል። ሥራ አስኪያጁ ቆመው አነበቡትና «አንድ ነበር እኮ ያልኩሽ» አሉኝ። «ሦስት ነበርን» አልኋቸው። ጉዳዩ ለሦስት ሰዎች ኮሚቴ ተመርቷል። ሃምሳ አለቃው አሁንም አግዳሚው ላይ ናቸው። ስለ እኔ ቦታ ለጠየቁኝ፤ አላውቅም። ለማወቅም ቀኑን ማፋጠን አልችልም።

አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር ልጨምር። አምሳያዎቹ አሁን ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ይመዝናሉ። ዳይሬክተሩ አንዱን አንሥቶ «ተመልሰን ወደ ጃንጥላው?» አለ። ካፒቴኗ ከእጁ ወሰደችበት። ትከሻዋን ዝቅ አደረገች፣ ክርኗን ወደ ጎኗ ሰበሰበች፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ተራመደች። አሥር ኪሎ የተሸከመች መሰለች፤ ከኋላዋ የነበረው መብራት ያዥ ሊያግዛት እጁን ዘረጋ። «ክብደቱ የእኔ ሥራ ነበር። ለምን ጠመንጃው ላይ ጣላችሁት?» አለችን።

ተዋናይዋን በስሌቴ ውስጥ አላስገባኋትም ነበር።

አክባሪዎ


የካቲት 10 ቀን

ልጄ፤

ሣጥኑ ደረሰ። አክስትሽ «እንዳታነሣው» የሚለውን እስክታነብ ድረስ አንሥታው ነበር። ምንም አልሆነችም፤ እኔ ነኝ ወገቤን የያዘኝ፣ ከእጇ ስቀማት።

እርሳሱን ምን እንዳደረግኩት ገምቺ። ዝምተኞቼ ሁሉ አንድ ነውር ነበረባቸው፤ በር ሲከፈትና ነፋስ ሲገባ ይወድቃሉ። በዚህ ሳምንት የሁሉንም መርገጫ ሰርስሬ ለእያንዳንዳቸው ከእርሳስሽ አካፈልኳቸው። አሁን ማዕበል ቢመጣ ንቅንቅ አይሉም። የሙሽራ ልብስ ሻጯ መጥታ አንዷን ገፋ አድርጋ «ይቺስ ከባሏም አትነቃነቅ» ብላ ስትስቅ ዋለች፤ ስምንት ተጨማሪ አዘዘች። ይኸው፣ ከጥፋታችን እንኳ የቆመ ነገር ተገኘ።

ስለ ሥራ አስኪያጃችሁ ደብዳቤ ለጠየቅሽኝ፦ አዎን፣ ደርሶኛል። በጣም ትሁት ደብዳቤ ነው። «ቃልዎን በችኮላ የሰጡት ከሆነ ሊያነሡት ይችላሉ፤ የአሥራ ሁለቱንም ትእዛዝ በዚያ ጊዜ እንነጋገርበታለን» ይላል። የራሳቸውን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው «በችኮላ አይደለም፤ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል» ብዬ መለስኩላቸው። ሌላ ወረቀት ማባከን አልፈለግኩም።

በኅዳጉ ላይ ያለው የአክስትሽ ጽሑፍ ነው። ምን እንደጠየቀችሽ አላነበብኩትም፤ ማለት፣ አንብቤዋለሁ፤ ግን መልሱን ለእሷ ስጫት።

አጎትሽ


መጋቢት 6 ቀን

ውድ አጎቴ፣ ውድ አክስቴ፤

ሰላምታዬን በዚህ ጊዜ አስቀድሜአለሁ። እንዴት ናችሁ? ወገብዎስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ለዚህም ምስክር ሳልቆጥር መተኛቴ ነው።

የካቲት 12 ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሃምሳ አለቃውን አስገብተው «ወታደር ሆነው እንዴት አይለዩም?» ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም «ጌቶቼ፣ እኔም እጄን ይህንኑ ነው የምጠይቃት» አሉ። ያቆየሁትን አምሳያና አንድ እውነተኛ ጠመንጃ ይዤ እንድገባ ፈቃድ ጠየቅሁ። እውነተኛው ባዶ መሆኑን ለአራቱም ሰዎች ስቤ አሳየሁ። ከዚያ ጀርባቸውን እንዲያዞሩ ለመንሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አጋደምኋቸው። ማቀባበያውን ሳይነኩ፣ በእጃቸው ብቻ እንዲለዩ ነበር የጠየቅሁት። የመጀመሪያው አባል ተሳሳቱ። ሁለተኛዋ አገኙ፤ ነገር ግን በግምት መሆኑን ራሳቸው ተናገሩ። ሦስተኛው ሁለቱንም ደጋግመው አነሡና «ሁለቱም እውነተኛ ናቸው» አሉ። ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ ተነሡ። አንዱን አንሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ መለሱት፣ ሌላውን አነሡ። ከዚያ መነጽራቸውን ማጽዳት ጀመሩ።

የካቲት 16 ቀን ውሳኔው ደረሰኝ። ለእኔ በፋይሌ የሚቀመጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ተገቢ ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ። ስድስቱ ጠመንጃዎች የካቲት 18 ቀን ለአከራዩ ተመለሱ። የቀሩት የተኩስ ትዕይንቶች ሁሉ በአምሳያ ተቀረጹ፤ ብልጭታውና ድምፁ ወደፊት በቅንብር ይጨመራል። ለአሁኑ ግን ዘቦቹ ሲተኩሱ ድምፁን በአፋቸው ያሰማሉ። ዳይሬክተሩ ይከለክላቸዋል፤ ሃያ አራት ትልልቅ ሰዎች ግን «ጧ፣ ጧ» ማለት ሊተዉ አልቻሉም። ካፒቴኗ ከሁሉም ትብሳለች። ለአሥራ ሁለቱ የሚሆነውን ትእዛዝ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ ክብደታቸው ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ነው። ይህን ቁጥር ሲያነቡ «ለምን?» ብለው እንዲጠይቁኝ እፈልጋለሁ። ባይፈልጉም ይጠይቁኝ።

ቀረጻው መጋቢት 3 ቀን አለቀ።

የአክስቴን ጥያቄ ወደ መጨረሻ ያዘገየሁት ከሁሉም ስለከበደኝ ነው። ሃምሳ አለቃውን ይቅርታ ጠይቄ እንደሆነ ነው የጠየቅሽኝ። ሪፖርቱን ከማቅረቤ አንድ ቀን በፊት፣ ጥር 29፣ ይዤው ወደ አግዳሚው ወንበር ሄድሁ። ስድስት ገጽ ነው። አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። «የሃምሳ አለቃው እጅ በእኔ ስሌት ተታለለ» ከሚለው ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ተታለለ አትበዪ ኢንጂነር፤ ከረሜላ የተቀማ ልጅ አስመሰልሽኝ። ተሸነፈ በዪ።»

«መሸነፍ ፉክክር ሲኖር ነው። እርስዎ ፉክክር እንዳለ እንኳ አልተነገረዎትም።»

«እንግዲያው ይሁን፤ ቀጥዪ» አሉኝ። ቀጠልሁ። ስጨርስ ስለ ገጹ ብዛት ቀለዱብኝ፤ የጦር ሜዳ ሪፖርት እንኳ ከሁለት ገጽ አይበልጥም ነበር አሉ። ከዚያ ሁለታችንም የሚገባውን መኪና ተመለከትን፤ የጫነውን ዕቃ እሳቸው ጮክ ብለው ቆጠሩ፣ እኔም አረጋገጥሁ።

የካቲት 17 ቀን ጠዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የመደርደሪያውን መዝገብ ከፍተው ካቆሙበት መስመር ቀጥለው ጻፉ፤ ከሥሩ እኔ ፈረምሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ቀረጻው ፍጻሜ በየጠዋቱ እንዲሁ አደረግን። ስለ አየሩ፣ ስለ ካፒቴኗ ጧጧታ፣ ስለ ጡረታ ወረቀታቸው፣ ስለ ብዙ ነገር አውርተናል።

ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።